ከበሮው ደራሲ ሲሆን፦ የቶኒ ኤስፖዚቶ የሙዚቃ ሕይወት

ቶኒ ኤስፖዚቶ ከጣሊያን ስመ ጥር የምት መሣሪያ ተጫዋቾችና የዘፈን ደራሲዎች አንዱ ነው። የመዝገብ ስሙ አንቶኒዮ ኤስፖዚቶ ሲሆን የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 15 ቀን 1950 በናፖሊ ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከጣሊያን ውጭ ስሙ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው በ1984 የወጣውን «ካሊምባ ደ ሉና» የተባለ የዳንስ ዘፈን ነው። ይህ ዘፈን ግን ከአሥር ዓመት በላይ በስቱዲዮና በመድረክ ላይ ሲበስል የቆየ ሥራ ፍሬ ነው። ፍሬውን ብቻ የቀመሰ አድማጭ የዛፉን ትልቅነት አይገምትም።

በአብዛኛው የዘመናዊ ሙዚቃ ልማድ ምት የሚመታው ሰው አጃቢ ነው። ዜማውን ሌላ ሰው ያመጣል፣ ግጥሙን ሌላ ሰው ይጽፋል፣ ስሙ በአልበሙ ሽፋን ላይ በትልቁ የሚታተመው ደግሞ ድምፃዊው ነው። ከበሮ መቺው ከኋላ ተቀምጦ ጊዜ ይጠብቃል፤ ሥራውም የሚታወቀው ሲሳሳት ነው። ኤስፖዚቶ ይህን ልማድ ገለበጠው። ዘፈኖቹ የሚነሡት ከምቱ ነው፤ ዜማው ምቱን ተከትሎ ይመጣል፣ ቃሉም በመጨረሻ ይደርሳል። የሙዚቃ ሕይወቱን በቅደም ተከተል ማየት የሚጠቅመውም ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣና የት እንዳደረሰው ስለሚያሳይ ነው።

ናፖሊ የወደብ ከተማ ናት፤ የሙዚቃ ታሪኳም ከወደብነቷ አይለይም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ኃያላን ጦር ኦክቶበር 1 ቀን 1943 ወደ ከተማዋ ሲገባ የአሜሪካ ወታደሮች ጃዝንና ብሉዝን በሸክላና በሬዲዮ ይዘው መጡ። ከጦርነቱም በኋላ የሰሜን አትላንቲክ ጦር ኪዳን የደቡብ አውሮፓ እዝ በከተማዋ ተቀመጠ። በወደቡ አካባቢ ባሉ የምሽት ክበቦች ለአሜሪካ መርከበኞች የሚጫወቱ የናፖሊ ልጆች የአሜሪካን ሙዚቃ የተማሩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከታዳሚው ነበር። ጦርነቱ ከሙዚቃ በላይም የተወው ነገር አለ። በ1945 የተወለደው ሳክስፎን ተጫዋች ጄምስ ሴኔዜ የናፖሊ እናትና የጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ልጅ ነው። አብሮት «ሾውመን» በተባለው ባንድ የዘፈነው ማሪዮ ሙዜላም አባቱ አሜሪካዊ ወታደር ነበር። እነዚህ ልጆች በናፖሊ ቀበልኛ እየተናገሩ ሶልና ሪትም ኤንድ ብሉዝ መጫወታቸው ማስመሰል አልነበረም፤ ሁለቱም በእርግጥ የራሳቸው ነበሩ።

በሌላ በኩል ከተማዋን የከበቡት የካምፓኒያ ገጠሮች የራሳቸው የከበሮ ባህል አላቸው። ዋናው መሣሪያ ታሞራ ይባላል። ታሞራ ክብ የእንጨት ጠርዝ ላይ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ የተወጠረበት፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚመታ ሰፊ ከበሮ ነው። በጠርዙ ዙሪያ በተፈለፈሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ጥንድ ጥንድ ቆርቆሮዎች ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜም ከአሮጌ ጣሳ ተቆርጠው የሚሠሩ ናቸው። ተጫዋቹ ከበሮውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይይዝና በሌላው ይመታል። መዳፉ መሐሉን ሲያገኝ ወፍራም ድምፅ ይወጣል፣ ጣቶቹ ጠርዙን ሲነኩ ቀጭን፤ የያዘው እጅ ደግሞ ከበሮውን እያወዛወዘ ቆርቆሮዎቹን ያንሿሿል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል ማለት ነው። ጭፈራው ታሙሪያታ ይባላል፤ ዘፋኙ በከበሮው ላይ ግጥም ይደረድራል፣ ጨፋሪዎቹ በእጃቸው የእንጨት ማንኳኪያ ይዘው ፊት ለፊት ይዞራሉ። በፋሲካ ማግስት በሳንታናስታዚያ የሚከበረው የአርኮ እመቤታችን በዓል፣ ከዚያም በሳምንቱ በፓጋኒ የሚውለው የዶሮዎቹ እመቤታችን በዓል ሕዝብ ይህን ባህል ይዞ የሚወጣባቸው ቀናት ናቸው። የከተማው ታራንቴላ ደግሞ በስምንተኛ ስድስት የሚሄድ ፈጣን ምት ነው፤ በችክችካ ላይ ያደገ ጆሮ አካሄዱን ለመያዝ ብዙ አይቸገርም።

ከታሞራው ሌላ የናፖሊ መንገድ በትንንሽ የጩኸት መሣሪያዎች የተሞላ ነበር። ፑቲፑ የሚባለው በቆዳው መሐል የተተከለ ዘንግ በእርጥብ እጅ ሲታሽ የሚያጉረመርም ዕቃ ነው። ትሪኬባላኬ ሦስት የእንጨት መዶሻዎች ጎን ለጎን የሚጋጩበት፣ ሼታቫያሴ ደግሞ ጥርስ የወጣለት እንጨት በሌላ እንጨት ላይ የሚፋቅበት ነው። በ1967 በናፖሊ የተመሠረተው «ኑኦቫ ኮምፓኚያ ዲ ካንቶ ፖፖላሬ» የተባለ ቡድን በሮቤርቶ ደ ሲሞኔ መሪነት እነዚህን ዜማዎችና መሣሪያዎች ከየገጠሩ ሰብስቦ ወደ ቲያትር መድረክ አመጣ። ኤስፖዚቶ ሃያ ዓመት ሲሞላው እንግዲህ በከተማዋ ሁለት የምት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ አንዱ በወደቡ ከአሜሪካ የመጣ፣ ሌላው ከቬሱቪዮ ተራራ ግርጌ የወረደ። እሱ ከሁለቱም ተማረ።

ስሙ በሸክላ ሽፋን ላይ መታየት የጀመረው በ1972 ነው። በዚያ ዓመት አላን ሶሬንቲ የተባለው የናፖሊ ድምፃዊ «አሪያ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዝ፣ ወደ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ሥራ ሲሆን ፈረንሳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ዣን ሉክ ፖንቲ በእንግድነት ተጫውቶበታል። ድራሙን የመታው ኤስፖዚቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ለምት መቺ ከባድ ፈተና ነው። የተለመደው የዘፈን አወቃቀር ስለሌለ፣ ማለትም አዝማቹ ተመልሶ ስለማይመጣ፣ ሙዚቃው መቼ እንደሚሰፋና መቼ እንደሚጠብብ የሚወስነው በአብዛኛው ከበሮው ነው። ኤስፖዚቶ እዚህ ላይ የሚታወቅበትን ልማድ ቀድሞ አሳይቷል፤ ምቱን እንደ ግድግዳ ከማቆም ይልቅ ድምፃዊው ሲተነፍስ አብሮ ይተነፍሳል። በሚቀጥለው ዓመትም በሶሬንቲ ሁለተኛ አልበም ላይ ተጫወተ። በእነዚሁ ዓመታት ከኤዶአርዶ ቤናቶ ጋርም ሠርቷል። ቤናቶ ብቻውን ጊታር፣ ሃርሞኒካና ከበሮ እየተጫወተ በመዝፈን የታወቀ፣ ነገር አዋቂ ገጣሚ ድምፃዊ ነው።

ኤስፖዚቶ የራሱን የመጀመሪያ አልበም ያወጣው በ1975 ነው፤ «ሮሶ ናፖሌታኖ» ይባላል፣ የናፖሊ ቀይ እንደ ማለት። አሳታሚው «ኑሜሮ ኡኖ» በጊዜው የጣሊያን ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ የሚቀኑበት ነበር፤ ከመሥራቾቹ መካከል ሉቾ ባቲስቲና ገጣሚው ሞጎል ይገኙበታል። እንዲህ ያለ ድርጅት የዘፈን ሳይሆን በአመዛኙ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ፣ ያውም በምት መቺ ስም የሚወጣ አልበም ማሳተሙ ደፋር ውሳኔ ነበር። «ሮሶ ናፖሌታኖ» ጃዝን፣ ሮክንና የሜዲትራኒያንን ዜማ ያዋሕዳል። በሥራው ውስጥ ዋናውን ቦታ የያዘው ግን የምት መሣሪያዎች ጭውውት ነው። አንዱ ከበሮ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ጊታሩና የትንፋሽ መሣሪያው ይገቡበታል። ከበሮውን ቀንሶ ቢያዩት የሚቀር ዜማ የለም፤ ሥራው የተጻፈው በከበሮ ነውና።

ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ አልበም ተከተለ፤ በ1976 «ፕሮቼሲዮኔ ሱል ማሬ»፣ በ1977 «ጄንቴ ዲስትራታ»፣ በ1978 «ላ ባንዳ ዴል ሶሌ»። የሁለተኛው አልበም ርዕስ በባሕር ላይ የሚደረግን የበዓል ጉዞ ያስታውሳል፤ በደቡብ ጣሊያን የባሕር ዳርቻ ከተሞች የቅዱሳንን ሐውልት በጀልባ አሳፍሮ መዞር የቆየ ልማድ ነው። እነዚህ አልበሞች በገበያ እንደ «ካሊምባ ደ ሉና» አልተሸጡም። በጥራት ግን ከሱ የሚበልጡ ናቸው ብሎ መናገር ይቻላል፤ የኤስፖዚቶን አስተሳሰብ በሙሉ ነጻነት የምናገኘውም እዚያ ነው። ገበያው ገና አላዘዘውም፣ የሦስት ደቂቃ ገደብም አልተጣለበትም። አንድ ምት ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሌላ ይደረብበታል፣ ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ሳይታወቅ ይወጣል፤ አድማጩ ለውጡን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ምቶችን በአንድ ላይ የመደረብ ይህ ዘዴ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሙዚቃ የቆየ ጥበብ ሲሆን ኤስፖዚቶ ዕድሜውን ሙሉ የተመለሰበት ምንጭ ነው።

የሰባዎቹ መጨረሻ የናፖሊ ሙዚቃ አዲስ መሪ ያገኘበት ጊዜ ሆነ። በ1955 የተወለደው ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ፒኖ ዳኒዬሌ በ1977 «ቴራ ሚያ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን፣ በ1980 ደግሞ ለማሪዮ ሙዜላ መታሰቢያ ያደረገውን «ኔሮ አ ሜታ» አወጣ። የናፖሊን ቀበልኛ ከእንግሊዝኛ ጋር እያቀላቀለ፣ የከተማዋን ጥንታዊ የዜማ ስሜት ከብሉዝ ጋር አገናኘ። በ1981 «ቫይ ሞ» የተባለውን አልበም ሲሠራ በዙሪያው የሰበሰባቸው ሰዎች ዛሬ ድረስ በጣሊያን እንደ ምርጥ ቡድን ይጠራሉ፤ ቱሊዮ ደ ፒስኮፖ በድራም፣ ቶኒ ኤስፖዚቶ በፐርከሽን፣ ጄምስ ሴኔዜ በሳክስፎን፣ ጆ አሞሩዞ በኪቦርድ፣ ሪኖ ዙርዞሎ በቤዝ።

ሁለት ምት መቺ በአንድ ባንድ ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ብርቱ ከሆኑ ሙዚቃው ይጨናነቃል። ደ ፒስኮፖ በ1946 በናፖሊ የተወለደ፣ በሚላኖ የጃዝ ክበቦች የበሰለ ሰው ነበር። አስቶር ፒያዞላ በ1974 በሚላኖ «ሊበርታንጎ»ን ሲቀርጽ ድራሙን የመታው እሱ ነው። እሱ በዱላ፣ በእግር ፔዳልና በሲምባል ይሠራል፤ የጊዜው አከርካሪ በሱ እጅ ነው። ኤስፖዚቶ በአንጻሩ በመዳፍና በጣት ይሠራል፣ ኮንጋውን፣ ቦንጎውን፣ ቃጭሉንና የሚንሿሿውን ሁሉ ይዞ። «የስ አይ ኖው ማይ ዌይ» የተባለውን የዚያን አልበም ዘፈን በጥሞና ያዳመጠ ክፍፍሉን ይሰማል። ድራሙ መሬቱን ይረግጣል፤ ፐርከሽኑ በሁለት እርግጫ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይኖራል። የኤስፖዚቶ ትልቁ ችሎታ ምናልባት ይህ ነው፤ የት እንደማይመታ ያውቃል። በራሱ አልበሞች ላይ ሁሉን ይመራ የነበረ ሰው ከሌላው ጀርባ ይህን ያህል በልክ መጫወቱ ሊመሰገን ይገባል።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1981 ይህ ባንድ በናፖሊ መሐል በሚገኘው የፕሌቢሺቶ አደባባይ በነጻ ተጫወተ። የታዳሚው ቁጥር 200,000 ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል። የዚያን ምሽት ትርጉም ለመረዳት ወደ ኋላ አሥር ወር መሄድ ያስፈልጋል። ኖቬምበር 23 ቀን 1980 የኢርፒኒያ ርዕደ መሬት ደቡብ ጣሊያንን መትቶ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ፤ ከ250,000 በላይ ሰዎችንም ቤት አልባ አደረገ። በናፖሊም ቤቶች ፈርሰዋል፣ ብዙ ቤተሰቦች በጊዜያዊ መጠለያ ይኖሩ ነበር፣ ከአደጋው በኋላ የፈሰሰው የመልሶ ግንባታ ገንዘብም የወንጀል ቡድኖችን ፉክክር አባብሶ ነበር። ሌሊት ውጭ መቆየት በሚያስፈራበት በዚያ ወቅት የከተማው ሕዝብ ተሰብስቦ የራሱን ቋንቋ በራሱ ልጆች አፍ ሰማ። ይህ ትውልድና የሙዚቃ ስልቱ «የናፖሊ ኃይል» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ የፕሌቢሺቶው ኮንሰርትም የዚህ እንቅስቃሴ ከፍተኛ ነጥብ ተደርጎ ይታያል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኤስፖዚቶ «ኢል ግራንዴ ኤስፕሎራቶሬ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ «ካሊምባ ደ ሉና» የሚገኘው እዚያ ነው። ለዘፈኑ ስም የሰጠችው ካሊምባ ከእንጨት ሳጥን ወይም ሳንቃ ላይ የታሰሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች በሁለት አውራ ጣት እየተነኩ የሚጫወቱባት የአፍሪካ መሣሪያ ናት። ረጅሙ ምላስ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል፣ አጭሩ ቀጭኑን፤ ቀኝና ግራ አውራ ጣት ተራ በተራ ሲሠሩ ዜማና ምት ተጣምረው ይወጣሉ። በዚምባብዌ የሾና ሕዝብ ዘንድ እምቢራ የተባለችው ታላቅ እህቷ የመንፈሳዊ ሥርዓት መሣሪያ ናት። በኢትዮጵያም በጋምቤላ አኙዋኮች ዘንድ ቶም የምትባል የዚሁ ዘር መሣሪያ አለች። ካሊምባ በሚለው ስም ለዓለም ገበያ የቀረበችው ግን በሃምሳዎቹ፣ የአፍሪካን ሙዚቃ በሰፊው በቀረጸው በሂዩ ትሬሲ አማካይነት ነው። ይህች መሣሪያ የኤስፖዚቶን ቀልብ መሳቧ አያስገርምም። ምት መሣሪያ ሆና ሳለ ዜማ ታወጣለች፤ እሱ በአልበሞቹ ሲፈልገው የኖረውን ነገር በሁለት መዳፍ መሐል የያዘች ናት።

በዘፈኑ ውስጥ ሌላም የሚሰማ ነገር አለ። ኤስፖዚቶ ታምቦርደር ብሎ የሰየመውን፣ ራሱ የፈለሰፈውን የምት መሣሪያ ተጠቅሟል። ድምፁ የሰው አፍ የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ የሚመስል፣ ከበሮ ይናገራል የሚያሰኝ ነው። ኤስፖዚቶ ዘፋኝ ከመቅጠር በፊት ከበሮውን ለማናገር መሞከሩ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ያሳያል።

ዘፈኑን የዘፈነው ጃንሉዊጂ ዲ ፍራንኮ ነው። ዲ ፍራንኮ ሜዳ ላይ የተገኘ ሰው አልነበረም፤ በ1973 «ሜሎስ» የተሰኘ አንድ አልበም አውጥቶ የተበተነው፣ ዛሬ የተራማጅ ሮክ ወዳጆች በከፍተኛ ፍቅር የሚያዳምጡት «ቼርቬሎ» የተባለው የናፖሊ ባንድ ድምፃዊ ነበር። በድርሰቱ ከኤስፖዚቶና ከዲ ፍራንኮ ጋር ኪቦርዱን ከ«ቫይ ሞ» ጀምሮ የምናውቀው አሞሩዞና ከቦሎኛ የመጣው ማውሮ ማላቫዚ ተሳትፈዋል። ማላቫዚ ወጣቱ ሉተር ቫንድሮስ የዘፈነበትን «ቼንጅ» የተባለ ቡድን ሲያቋቁሙ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ የዳንስ ወለል ምን እንደሚፈልግ አብጠርጥሮ ያውቃል። እንግዲህ ይህ የበጋ ዘፈን የተሠራው በተራማጅ ሮክ ድምፃዊ፣ በናፖሊ ጃዝ ሰው፣ በዲስኮ ባለሙያና በከበሮ ደራሲ ነው። ቀላል የሚመስለው ብዙ ዕውቀት ስለገባበት ነው።

ዘፈኑ በጣሊያንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተወደደ። ወዲያውም ሌሎች አነሡት። በዚያው በ1984 በፍራንክ ፋሪያን የሚመራው «ቦኒ ኤም» በራሱ ቅንብር አሳተመው፣ እንዲያውም ለአንድ አልበሙ መጠሪያ አደረገው። በግብፅ ከጣሊያናውያን ወላጆች ተወልዳ በፈረንሳይ የነገሠችው ዳሊዳም ዘፈነችው። በብዙ አገር የሚገኝ አድማጭ ዜማውን የሚያውቀው በእነሱ ድምፅ ነው፤ ደራሲውን ጭራሽ የማያውቅ ብዙ ነው። ሦስቱን ቅጂዎች አስተያይቶ የሚሰማ ሰው ግን አንድ ልዩነት ያገኛል። በቦኒ ኤም ቅጂ ምቱ ሜዳ ነው፣ መዘመሪያ የሚሆን ደልዳላ መሬት። በኤስፖዚቶ ቅጂ ውስጥ ግን የከበሮዎቹ ጭውውት አልጠፋም፤ ድምፃዊው ዝም ባለ ቁጥር ከሥሩ የሚሠራው ሥራ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ዘፈኑ ሌላ ሰው ሲዘፍነውም መቆሙ የድርሰቱን ጥንካሬ ይመሰክራል፤ የራሱ ቅጂ ግን እስካሁን ይበልጣቸዋል።

በ1985 የወጣው «አስ ቱ አስ» የተባለው አልበም በዚሁ መንገድ ቀጠለ፤ «ፓፓ ቺኮ» የተሰኘው ዘፈን ከጣሊያን ውጭም ተሰምቷል። የዘፈኖቹ ርዕሶች አፍሪካን፣ ላቲን አሜሪካንና የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ያዛንቃሉ። አንዳንድ ሃያሲ ይህን ከሩቅ የተቃረመ የቱሪስት ቅልቅል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ወቀሳው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በሰማንያዎቹ የአውሮፓ ዳንስ ሙዚቃ «አፍሪካ» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ማስጌጫ ነበር። ኤስፖዚቶን ግን ከዚህ የሚለየው ሥራው ነው። አፍሪካዊውን ምት በርዕስ ላይ ከመለጠፉ ከአሥር ዓመት በፊት በእጁ ተምሮታል፣ በአልበሞቹም ውስጥ አዋቅሮ ተጠቅሞበታል።

በዚያው 1985 ሊና ቬርትሙለር ለሠራችው የናፖሊ ፊልም ሙዚቃውን ደረሰ። ቬርትሙለር ለምርጥ ዳይሬክተር የኦስካር ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አንኸላ ሞሊናና ሃርቪ ካይትል የተወኑበት ይህ ፊልም ስለ ዕፅ ንግድና ልጆቻቸውን ከንግዱ ለማዳን ስለሚነሡ እናቶች ይተርካል፤ በጠባብ መንገዶች፣ በጥላና በጩኸት የተሞላ ነው። በዳንስ ወለል የታወቀ ሰው እንዲህ ላለ ጨለማ ታሪክ መመረጡ ዳይሬክተሯ የሰባዎቹን ኤስፖዚቶ እንደምታውቅ ያስገምታል። ምት ሰውን እንደሚያስጨፍር ሁሉ ሊያስፈራም ይችላል፤ የፊልም ሙዚቃ ደግሞ ይህን ሁለተኛ ጠባዩን አጥብቆ ይፈልጋል።

የምት መቺ ደራሲነት በኤስፖዚቶ ብቻ አለመቆሙም ሊነሣ ይገባል። የባንድ ጓደኛው ደ ፒስኮፖ በፒኖ ዳኒዬሌ የተደረሰውን «ስቶፕ ባዮን» በራሱ ድምፅ ተጫውቶ በዳንስ ቤቶች ታወቀ፤ በ1988 ደግሞ «አንዳሜንቶ ሌንቶ»ን ይዞ ወደ ሳንሬሞ ፌስቲቫል ወጣ። ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ባንድ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከበሮ መቺዎች ከኋላ ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። መንገዳቸው ግን ይለያያል። ደ ፒስኮፖ ሲዘፍን ከድራሙ ተነሥቶ ወደ ማይክሮፎኑ የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ የመድረክ ሰው ነው፤ ከበሮው ያጅበዋል። ኤስፖዚቶ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰጥቶ ከበሮውን ራሱን ወደ ፊት አመጣ። ሁለተኛው መንገድ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ሕዝብ ፊትን ያስታውሳል እንጂ እጅን አያስታውስም። ለዝናው ማነስ ዋናው ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ከሰማንያዎቹ በኋላም ኤስፖዚቶ መቅረጹንና መጫወቱን አላቆመም፤ ከሙዚቃው ጎን ለጎን ሥዕልም ይሠራል። በ2008 የ«ቫይ ሞ» ባንድ እንደ ገና ተሰባሰበ፤ ጁላይ 8 ቀን በዚያው በፕሌቢሺቶ አደባባይ፣ ከ27 ዓመት በኋላ፣ ደ ፒስኮፖና ኤስፖዚቶ ጎን ለጎን ቆመው ምቱን ተከፋፈሉ። ፒኖ ዳኒዬሌ ጃንዋሪ 4 ቀን 2015 በልብ ሕመም አረፈ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ናፖሊ በዚሁ አደባባይ ተሰናበተችው። ዙርዞሎ በ2017፣ አሞሩዞ በ2020 ተከተሉት።

የኤስፖዚቶ ሥራ በጣሊያን ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ቦታ ገና ሙሉ በሙሉ አላገኘም። ታዋቂው ዘፈኑ የቀደመውን ሥራ ሸፍኖታል፤ የሌሎች ቅጂዎች ደግሞ ራሱን ዘፈኑን ከደራሲው ለይተውታል። ይህ ፍርድ ሊታረም የሚችለው በማዳመጥ ነው። ሥራውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከ1984 ሳይሆን ከ1975 ይጀምር። በመጀመሪያ «ሮሶ ናፖሌታኖ»ን ከዳር እስከ ዳር ይስማ፤ ከዚያ በ«ቫይ ሞ» ላይ ድራሙንና ፐርከሽኑን ለይቶ ያዳምጥ፤ «ካሊምባ ደ ሉና»ን በመጨረሻ፣ በኤስፖዚቶ በራሱ ቅጂ ይክፈት። ለምት መቺ ተማሪዎች ደግሞ «ሮሶ ናፖሌታኖ» ከብዙ የመለማመጃ መጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።